ለእትዬ የሣልነው እንቁጣጣሽ

ጳጉሜን 5 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ነፋስ መውጫ። እናቴ በረንዳችን ላይ ለመድረቅ ከተደረደሩት የእንቁጣጣሽ ሥዕሎች አንዱን አነሣች። ጥቂት አየችው። ወደ ውስጥ ይዛው ገባችና ከፍራሽ ሥር ከተተችው።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር ለሥራ አንድ ገበያ ገብቼ ሳለ፣ የስፌት ቀለም በማንኪያ እየሰፈረች በወረቀት ቁራጭ ከምትጠቀልል ሴት አጠገብ ቆምሁ። ነፋስ ነፈሰና ጥቂት ዱቄት አፍንጫዬ ገባ። የዛገ ቆርቆሮ ላይ ኮምጣጤ የፈሰሰ ዓይነት ሽታ ነው። ልጠይቃት ያሰብሁትን ሁሉ ትቼ ቆሜ ቀረሁ። "ቀዩን ነው አረንጓዴውን?" አለችኝ። ሁለቱንም ገዛሁ። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ ምን እንደማደርግባቸው አላውቅም።

ያን ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ልገባ ነው። ቤታችን ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለው ረድፍ ላይ ነበር። ከደብረ ታቦር በኩል ዳገቱን ይዘው የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ማርሽ ሲቀይሩ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ዓመት ከመኪናዎቹ አብዛኞቹ ሸራ የለበሱ የወታደር መኪናዎች ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ድሮ እጃቸውን እያወዛወዙ ይከተሏቸው ነበር፤ በዚያ ክረምት ግን ይህን ትተው እንደነበር አስታውሳለሁ።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሥዕል ሥሎ ለዘመድና ለጎረቤት ማዞር የወንዶች ልጆች ሥራ ነው። በእኛ ረድፍ ግን ነገሩ ትንሽ ለወጥ ያለ ነበር፤ ሥዕሉን የማሠራቸው እኔ ነበርሁ። ትንሹ ወንድሜ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሴት ልጅና ሌሎችም የሰፈር ሕፃናት በረንዳችን ላይ ይሰበሰባሉ። ከሥዕሉ ሥር አንድ የምስጋና ዓረፍተ ነገር እንዲኖር ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ቤት ለምን እንደምናመሰግን ልጆቹ ይናገራሉ፤ እኔ በደህና ጽሕፈት እጽፋለሁ።

ወረቀቱ ያለፈው ዓመት የአብዮት በዓል ፖስተር ነበር። ጀርባው ነጭና ልሙጥ ስለነበር ቀለሙ አይሰፋበትም። ፀሐይ ላይ ሲያዙት ግን ከአበባው በስተጀርባ የተጨበጠ ቀይ እጅ ይታያል። ብሩሻችን ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ስንደዶ ነው። ቀለሙን በሞቀ ውኃ እንበጠብጥና እንዳይረግፍ ጥቂት የግራር ሙጫ እንጨምርበታለን። የነፋስ መውጫ ነፋስ አያስቀምጥምና በየሥዕሉ ማዕዘን ላይ ጠጠር እናስቀምጣለን።

"ይኸ መልአክ ነው ዶሮ?" አለችው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ወንድሜን።

"ክንፉን አታይም?"

"ዶሮም እኮ ክንፍ አላት።"

ቤተ ክርስቲያን ፊደል ለሚያስቆጥሯቸው ለየኔታ ምን እንደሚጻፍ ስጠይቅ ወንድሜ "ስላልገረፉን እናመሰግናለን በይ" አለ። "ገርፈውናል እኮ" አለች ልጅቱ። ወንድሜ አሰበና "እንግዲያው ቀስ ብለው ስለገረፉን በይ" አለ። እንደዚያው ጻፍሁት። የኔታ አንብበውት ሲስቁ ጥምጥማቸው እንደወለቀ በኋላ ሰምቻለሁ።

ቀለሙን የሚሰጡን እትዬ ነበሩ። ሁላችንም እንዲሁ "እትዬ" ነበር የምንላቸው። ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጨው፣ በርበሬና የስፌት ቀለም ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። እስላም ስለሆኑ ለእሳቸው ቤት መልአክ አንሥልም፤ ወፍና አበባ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ከየቀለሙ አንዳንድ ጥቅል ይሰጡናል። እንዲከፈላቸው አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሥዕሉን ነው፤ ከመደብ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በጭቃ ይለጥፉትና እስከሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ይቆያል።

ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና የሄደው አምና በጋ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ወረቀቱን የሚቆርጥልን እሱ ነበር፤ ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። የላይኛው ጥርሱ አንዱ ጫፉ ተሸርፏል። ሲስቅ ይሸፍነው ነበር።

በዚያ ጳጉሜን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆቹ ዝናቡ ውስጥ ሲራጩ ውለው እንደረጠቡ ቀለም ልንቀበል ሄድን። እትዬ ከየቀለሙ እየጠቀለሉ ሰጡን። ከዚያ እኔን አይተው እንዲህ አሉ፦

"መልአኩን ለክርስትና አባቶቻችሁ። ወፉም ዘንድሮ ይቅርብኝ። ለኔ ልጄን ሣሉልኝ።"

"እሺ እትዬ።"

"ጺም አድርጊለት። መቼም ይኸን ጊዜ አብቅሏል።"

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሥዕል የሣልነው ለእሳቸው ነው። ፊቱን እኔ ሣልሁ። የደንብ ልብሱን ወንድሜ አረንጓዴ ቀባው፤ በጣም አብዝቶበት አንገቱ ድረስ ደረሰ። ጺሙን በከሰል አደረግንለት። አፉን ከፈት አድርጌ የተሸረፈችውን ጥርስ አሳየሁ። ከሥሩ ልጆቹ ያሉትን ጻፍሁ፦ "ቀለም ስለሰጡን እናመሰግናለን። ልጅዎ በደኅና ይምጣልዎት።"

እናቴ ከፍራሽ ሥር የከተተችው ይህን ነው።

ተከትያት ገባሁ። "ምን ሆነ? አልደረቀም እኮ፤ ይጨመላለቃል" አልኋት።

"ይጨመላለቅ።"

"አልወደድሽውም? ሌላ እንሥራላቸው?"

"ምንም አትሥሩ። ወፍም ቢሆን፣ አበባም ቢሆን። ዘንድሮ ወደዚያ ቤት ቀለም አይሄድም።"

"ለምን?"

"አልሁሽ እኮ!"

እናቴ ቁጡ ሴት አልነበረችም። ድምፅዋን ስትሰማ ራሷ ደነገጠችና ወደ ጓዳ ገባች። ተመልሼ ለልጆቹ የእትዬ ሥዕል እንደቀረ ነገርኋቸው። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ስንደዶዋን አስቀመጠች። "ቀለሙን የሰጡን እሳቸው አይደሉ እንዴ?" አለች። ጠጠሮቹን ማስተካከል ጀመርሁ።

ያልነገረችኝን ነገር ያወቅሁት በማግሥቱ ነው፤ ዝርዝሩን ደግሞ ከዓመታት በኋላ፣ ከራሷና አብረዋት ከነበሩት ሰዎች። እንደሚከተለው ነው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ የሰፈራችን ልጅ እግሩን ቆስሎ በምርኩዝ ተመለሰ። ከወፍጮ ቤቱ በስተጀርባ ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖረው። ከእትዬ ልጅ ጋር በአንድ ጦር ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን በጓሯችን በኩል ገባና ለእናቴ ነገራት፤ ልጁ አጠገቡ ነው የወደቀው፤ ዐይኑን የከደነው እሱ ነው። ለእትዬ መንገር አቅቶት ነው ወደ እናቴ የመጣው። እናቴ የእድሩን ዳኛና የእትዬን ባል ወንድም ሼሁን ጠራች። ሦስቱ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ተቀምጠው ተማከሩ።

ሼሁ አሁኑኑ ይነገር ብለው ነበር። "እናቱ ሳታውቅ እኔ በድብቅ ዱዓ ላድርግ? ምን ዓይነት ነገር ነው ይኸ?" አሉ። የእድሩ ዳኛ ሌላውን አሰቡ። ስለ ጦር ሜዳ ሞት ከመንግሥት የተነገረ ነገር የለም። ሰፈሩ እሪ ብሎ ካለቀሰ የቀበሌው ሊቀመንበር "ማን ነገራችሁ?" ማለቱ አይቀርም። የአብዮት በዓል ደግሞ መስከረም ሁለት ነው። ወሬውን ያመጣው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ አወራህ ተብሎ የተወሰደ ሰው ወዴት እንደገባ አይታወቅም ነበር። ቁስለኛው ራቅ ብላ ባለችው ወገዳ አጎት ነበረው። እዚያ ደርሶ እስኪሸሸግ መርዶው ይቆይ ተባለ። በእግሩ አይችልም፤ በመኪና እንዳይሄድ ኬላ አለ። መንገድ እስኪገኝ መርዶው ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ተስማሙ።

ስለ ሥዕሉ ማንም አላሰበም። እናቴ በጳጉሜን አምስት ጧት በረንዳው ላይ ወጥታ የሞተውን ልጅ ጥርሱን አሳይቶ ሲስቅ አየችው። እሱን መላክ አልቻለችም። በሱ ፈንታ አበባ መላክም አልሆነላትም፤ ሐዘን ያለበት ቤት የእንቁጣጣሽ ሥዕል አይገባም። ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ያወቀችው አክብሮት ያ ብቻ ነበርና አደረገችው።

መስከረም አንድ ጧት ጉም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ገለጥ አለ። ልጆቹ ሥዕላቸውን ታቅፈው ወጡ፤ እኔም ተከተልኋቸው። እናቴ በመስጊዱ በኩል እንዳንሄድ፣ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ እንድንዞር አስጠንቅቃን ነበር። ሣሩ ጤዛ ይዟል። ከየቤቱ የሚሰነጠቅ እንጨት ድምፅ ይሰማል። የኔታ ዘንድ፣ የእድሩ ዳኛ ዘንድ፣ ወፍጮ ቤት ደረስን። ልጆቹ ዳቦና ሳንቲም ይዘው እየሳቁ ሲመለሱ፣ ከጀርባው መንገድ ላይ እትዬን አገኘናቸው። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ኖረው፣ ድምፃችንን በኋላ በኩል ሲሰሙ ዞረው መጥተዋል። እጃቸው ላይ ከረሜላ የሞላ ሰሐን አለ።

"እንኳን አደረሳችሁ። ምነው ልጆቼ፣ ቤቴ ጠፋችሁ?"

የወፍጮ ቤቱ ልጅ እንኳ መሬት መሬት አየች።

"ሥዕሌስ?"

"እማዬ ወደዚያ ቤት አትሂዱ ብላናለች" አለ ወንድሜ።

እትዬ ሰሐኑን ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ምንም አልተለወጠም፤ ይህን በደንብ አይቻለሁ። ጎንበስ ብለው ለእያንዳንዱ ልጅ ከረሜላ ሰጡ። "አላህ ያሳድጋችሁ" አሉ። ከዚያ ባዶውን ሰሐን እንደያዙ ወደ ቤታችን አቀኑ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ነበረች። ስታያቸው ተነሣች።

"እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎ። ይግቡ።"

"አልገባም። ሥዕሌን ልወስድ ነው።"

"ዘንድሮ እኮ… ቀለሙ አልበቃ ብሏቸው…"

"ቀለሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ አንች። ለሰፈሩ በሙሉ ይበቃል።"

እናቴ በርጩማ ሳበችላቸው።

"ወፍጮ ቤት ደርሷል። የኔታ ጋ ደርሷል። ያቺ ከማንም ጋር የማትስማማዋ ጠላ ሻጭ ጋ እንኳ ደርሷል። እኔ ቤት ብቻ ቀረ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሥዕል የማይገባው ምን ዓይነት ቤት ነው? እ? አንችው ንገሪኝ።"

እናቴ ተንበረከከች። እግራቸውን ልትይዝ ስትል እትዬ ክንዷን ይዘው አነሷት። "ተነሽ። ሰው ያያል።" ቀጥለውም "መቼ?" አሉ።

"ክረምት ሳይገባ።"

"ማን አየው?"

እትዬ መልስ ሳይጠብቁ ዞር ብለው ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ አዩ።

"ያ ልጅ ሲያየኝ መንገድ የሚቀይረው ለዚህ ነው? እኔኮ እግሩን አፍሮበት መስሎኝ። 'እኔም እናትህ ነኝ፣ ምን ታፍራለህ' ልለው ነበር።" ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉና ቆዩ። ትከሻቸው ሲነሣና ሲወርድ አያለሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ "ብጮህ እሱን ይወስዱታል፤ አይደለም?" አሉ።

"አዎ እትዬ።"

"አልጮህም እንግዲህ። አንዱ ሄዷል። የዚያችን እናት ደግሞ ልጇን በኔ አፍ አላስወስድባትም።"

ሊሄዱ ሲሉ እኔን አዩኝ። "ሥለሽው ነበር?" አሉኝ።

"ሥያለሁ እትዬ።"

"ጺም አድርገሽለታል?"

"አዎ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እናንተው ጋ ይቀመጥ" ብለው ሄዱ።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሼሁና ሌሎች ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ፣ ጨው የሚገዙ መስለው፣ ለዱዓ ወደ እትዬ ቤት ገቡ። በሩ ሲዘጋ አየሁ። ውጭ ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ይዘፍኑ ነበር። እናቴ ወጥታ ወደ ታችኛው ሰፈር መለሰቻቸው።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ሞት ዘግቤያለሁ። የለቅሶ ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ሰዎች ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ድምፅ ያልነበረውን ለመግለጽ ግን እስካሁን ደህና ዓረፍተ ነገር አላገኘሁለትም።

መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ነው። ሰልፍ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ከዚያም የባሰ ሊጠየቅ ይችላል። ከየቤቱ ወጥተን መንገዱ ዳር ተሰለፍን። ቀይ ባንዲራዎቹ በነፋሱ ይጮኻሉ። ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል። የሴቶች ማኅበር መስመር ተሠርቶ ሊንቀሳቀስ ሲል እትዬ መጡ። ከሻሻቸው በላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ጥለቱ ከእግራቸው በኩል ሳይሆን አንገታቸው ላይ ነው። ይህ የሐዘን አለባበስ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። ምንም ሳይናገሩ ቦታቸውን ያዙ።

እናቴ ከጎናቸው ነበረች። አየቻቸው። ነጠላዋን ከላይዋ ላይ አወረደች፤ ገለበጠችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ መልሳ ለበሰችው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ከኋላ ሆና ይህን አየችና እሷም እንዲሁ አደረገች። ቀጥላ የቁስለኛው እናት። እሷ ጥለቱ ከእጇ እያመለጣት ነበር፤ ጠላ ሻጯ አስተካከለችላት። መስመሩ ሲንቀሳቀስ ከፊት ወደ ኋላ እየሄደ ነጠላው ሁሉ ተገለበጠ። ለምን እንደሆነ ያላወቁትም አደረጉት።

አደባባዩ ላይ አንድ ካድሬ ሮጦ መጣ። "ምንድን ነው ይኼ? ነጠላችሁን ምን ሆናችሁ ነው?"

"ብርድ ነው ጓድ" አለች ጠላ ሻጯ። "ነፋስ መውጫ እኮ ነው፤ አንገት አንገታችንን እየመታን።"

"ሁላችሁንም?"

"ነፋሱ ሰው አይመርጥ ጓድ።"

ሊቀመንበሩ መድረኩ ላይ ነበር። ንግግሩን አቁሞ ወደ ሴቶቹ መስመር ለረጅም ጊዜ አየ። ድምፅ ማጉያው ውስጥ ትንፋሹ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አስተካክሎ ማንበቡን ቀጠለ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ከዓመታት በኋላ ራሱን አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። "የቱን ሰልፍ?" ነው ያለኝ።

ሰልፉ ስድስት ሰዓት ላይ ተበተነ። በዚያ ሳምንት ከሰፈራችን የተጠየቀም የተወሰደም ሰው የለም።

መስከረም ሦስት ቀን ንጋት ላይ ቁስለኛው በአርብ ገበያ በኩል ወደ ወገዳ ወጣ። የተቀመጠባት በቅሎ እትዬ ጨው የሚያመላልሱባት የራሳቸው በቅሎ ነበረች። ኮርቻውን የጫኑለት እሳቸው ናቸው።